ቀብዱ የሚገዛው፦ የቱና ማጥመጃ ጀልባዎች ከአቫሎን እስከ ሳን ዲየጎ

ሳን ዲየጎ የምንኖር ጥቂት ኢትዮጵያውያን በየዓመቱ ጾመ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ጀልባ ተከራይተን ቱና ለማጥመድ ወደ ውቅያኖስ እንወጣለን። ገንዘቡን ከጥምቀት ጀምሮ በየወሩ እያዋጣን እናጠራቅማለን። ዕቁብ እንለዋለን እንጂ ዕጣ የለውም፤ የተሰበሰበው በሙሉ ለጀልባው፣ ለነዳጁና ለሠራተኞቹ ጉርሻ ይሄዳል። ሰብሳቢው እኔ ስለሆንኩ ጀልባ የምመርጠውም ቀብድ የምከፍለውም እኔ ነኝ። በየዓመቱ አዲስ የሚገባ ሰው አይጠፋም፤ ሒሳቡን ሲሰማም ጥያቄው ያው ነው፦ «ለአንድ ሌሊትና ለአንድ ቀን ይህን ሁሉ ዶላር? ዓሣውን ከገበያ ብንገዛው አይሻልም?»

ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ሁላችንም ላባችንን አንጠፍጥፈን የምንኖር ነን፤ እኔ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነኝ። ያደግሁት ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል አጠገብ ነውና አንድ ቆሮሶ ከሐይቁ ወጥቶ ገበታ ላይ እስኪደርስ ስንት ሰው እንደሚለፋ ከልጅነቴ አውቃለሁ። የቱና ጀልባ ዋጋ ግን ከዓሣው ጋር ብዙም አይገናኝም። የሚከፈለው ዓሣው ያለበትን ለሚያውቅና ተሳፋሪውን በሰላም ለሚመልስ ሰው ነው። ይህ ዕውቀትና ጥንቃቄ እንዴት እንደተገኘ ለማወቅ ታሪኩን ሳገላብጥ ቆይቻለሁ፤ ዕቁባችን ውስጥ ለሚገባ ሁሉ የምነግረውም ይህንኑ ነው። ዓመተ ምሕረቱም፣ ከእሱ ጋር የተጠቀሰው ወርና ቀንም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሎስ አንጀለስ ባሕር ማዶ ባለችው በካታሊና ደሴት፣ አቫሎን በምትባል ትንሽ የወደብ ከተማ ነው። ቻርልስ ፍሬድሪክ ሆልደር የተባለ የተፈጥሮ ታሪክ ጸሐፊ ከምሥራቅ አሜሪካ ለጤናው ወደ ካሊፎርኒያ መጥቶ ፓሳዴና ተቀምጦ ነበር። በ1880ዎቹ አጋማሽ ወደ ደሴቲቱ ሲሻገር ያየው ነገር አሳዘነው፤ ሰዎች ከባሕሩ ዳር ቆመው በወፍራም የእጅ ገመድ ትልልቅ ዓሣ እየጎተቱ ይከምራሉ፤ ከተከመረው ብዙው የሚበላው አጥቶ ይጣላል። ሆልደር በቀጭን ክርና በዘንግ ማጥመድ ይቻላል፣ ለዓሣውም የማምለጥ ዕድል መስጠት ይገባል ብሎ ያምን ነበር። ይህን እምነቱን በ1898 በተግባር አሳየ፤ 183 ፓውንድ፣ ማለትም 83 ኪሎ የሚመዝን ብሉፊን ቱና በዘንግ አጥምዶ አወጣ። ትግሉ ወደ አራት ሰዓት የሚጠጋ ነበር፤ ዓሣው ጀልባዋን ከነሰዎቿ እየጎተተ ብዙ ርቀት ወስዷታል። በዚያው ዓመት አቫሎን ላይ የቱና ክለብ ተቋቋመ። ደንቡ ጥብቅ ነበር፤ አጥማጁ ዓሣውን ያለማንም እርዳታ ጀልባው ጎን ድረስ ማምጣት አለበት፣ ዘንጉ ከተሰበረ አይቆጠርለትም። ከመቶ ፓውንድ በላይ የሚመዝን ቱና በደንቡ መሠረት ያወጣ ሰው ደረቱ ላይ ሰማያዊ ቁልፍ ይሰካለታል።

በየመጽሐፉ የሚነሣው የሆልደር ስም ነው። እኔ ግን ዓይኔ የሚያርፈው አብሮት ጀልባዋ ላይ በነበረው በቀዛፊው በጂም ጋርድነር ላይ ነው። ዓሣው አራት ሰዓት ሲጎትት የጀልባዋን አፍንጫ ወደ ዓሣው እያዞረ፣ ክሩ እንዳይበጠስ፣ ጀልባዋም እንዳትገለበጥ የጠበቀው እሱ ነው። አቫሎን ውስጥ እንዲህ ያሉ መሪዎች ብዙ ነበሩ። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሜክሲካን ጆ እየተባለ ይጠራ ነበር፤ የደሴቲቱን ዳርቻ እንደ ግቢው የሚያውቅ ሰው ነበር። ዛሬ ቻርተር የምንለው ሥራ በዚህ ጠረፍ የተወለደው እንዲህ ነው። ገንዘብ ያለው እንግዳ ዘንጉን ይዞ ይመጣል፤ ባሕሩን የሚያውቀው ድሃ ጀልባውንና ዕውቀቱን ያከራያል። እንግዳው ቁልፍ ይሸለማል፣ መሪው የቀን ዋጋውን ይቀበላል።

የእነዚህ መሪዎች ዕውቀት ምን ያህል እንደነበር ለማየት ጆርጅ ፋርንስዎርዝን ማንሣት ይበቃል። ቱና ብልህ ዓሣ ነው፤ የሞተር ድምፅ ሲሰማ ወደ ታች ይወርዳል፣ ጀልባ የሚጎትተውን ማባበያ ይጠራጠራል። ፋርንስዎርዝ በ1910 አካባቢ መላ አገኘ። ካይት፣ ማለትም ልጆች በነፋስ የሚያንሳፍፉትን ዓይነት መጫወቻ፣ ከጀልባው ላይ ያወጣና የማጥመጃውን ክር ከእሱ ጋር ያያይዘዋል። ማባበያው በራሪ ዓሣ ከጀልባው ርቆ የውኃው ፊት ላይ እየዘለለ ይሄዳል፤ ክሩ ውኃ ውስጥ ስለማይገባ ቱናው አያየውም። ፋርንስዎርዝ ዘዴውን ከሌሎች መሪዎች ይደብቅ ነበር፤ እንጀራው ነበርና አልፈርድበትም። ዛሬ ከሳን ዲየጎ የሚወጡ ጀልባዎች ትልልቁን ብሉፊን ሲፈልጉ የሚይዙት ያንኑ ካይት ነው። መቶ ዓመት አልፎታል፣ ሶናርና ሳተላይት መጥቷል፤ የአቫሎኑ መሪ ብልሃት ግን ከሥራ አልወጣም።

ለእኔ ለሹፌሩ ደግሞ ሌላ የሚጥመኝ ታሪክ አለ፤ የመጠምጠሚያው ፍሬን ታሪክ። በሆልደር ዘመን ክሩ ከተልባ የተፈተለ ነበር፤ የሚጠመጠምበት ሪል ደግሞ ፍሬን የሚባል ነገር አልነበረውም። ዓሣው ሲሮጥ መዘውሩ ወደ ኋላ እየተሽከረከረ ጣት ይሰብራል፤ አጥማጁ ክሩን የሚገታው ቁራጭ ቆዳ በአውራ ጣቱ ተጭኖ ነው። ዊልያም ቦሸን የተባለ የክለቡ አባል በውስጡ ፍሬን ያለው ሪል የመሥራትን ሐሳብ አመጣ፤ ብሩክሊን ውስጥ ጁሊየስ ቮም ሆፍ የተባለ ባለሙያ ሠራለት። ቦሸን በ1913 በዚህ ሪል 355 ፓውንድ የሚመዝን ሰይፍ አፍ ዓሣ አወጣ። ከዚያ በኋላ ትልቅ ዓሣ ማጥመድ የጉልበተኞች ብቻ መሆኑ ቀረ። የእኛ ቡድን ውስጥ ያሉት ሴቶች ከወንዶቹ የሚበልጥ ቱና የሚያወጡት በዚህ ፍሬን ምክንያት ነው፤ አንዷ በየዓመቱ ትረታናለች።

ከአቫሎን ባሻገር፣ ዋናው ምድር ላይ፣ ሌላ ታሪክ ይሠራ ነበር። በ1903 ሳን ፔድሮ ወደብ ላይ ሰርዲን ሲጠፋ አልበርት ሃልፍሂል የተባለ ሰው ፋብሪካው ሥራ እንዳይፈታ አልባኮር የተባለውን ቱና በእንፋሎት ቀቅሎ በቆርቆሮ አሸገው፤ በመጀመሪያው ዓመት 700 ካርቶን ያህል። አዲስ አበባ ካፌ ቁጭ ብላችሁ በዳቦ የበላችሁት የቆርቆሮ ቱና ነገዱ ከዚያ ነው የሚመዘዘው። ሳን ዲየጎም ብዙ ሳይቆይ የዓለም የቱና ዋና ከተማ ተባለ። ጃፓናውያን ቀርከሃ ዘንግና እሾህ የሌለው መንጠቆ ይዘው መጡ፤ ፖርቱጋሎች ፖይንት ሎማ ላይ ሰፈሩ፤ ጣሊያኖች ዛሬ ሊትል ኢታሊ በሚባለው ሰፈር። ሰዎቹ ከጀልባው ኋላ ውኃውን ሊነካ በተቃረበ የብረት መቆሚያ ላይ ተደርድረው በሕይወት ያለ ሰርዲን ይበትናሉ፤ ቱናው ሲያብድ በዘንግ እየነጠቁ ከራሳቸው በላይ ወደ ኋላ ይወረውራሉ። ዓሣው ሲከብድ ሁለት ሰዎች፣ ሲብስም ሦስት ሰዎች ዘንጋቸውን ከአንድ መንጠቆ ጋር አስረው እኩል ያነሣሉ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በየካቲት 1942፣ ሎስ አንጀለስ ወደብ ውስጥ ባለችው ተርሚናል ደሴት የሚኖሩት የጃፓን ተወላጅ ዓሣ አጥማጆች ቤታቸውን በ48 ሰዓት ውስጥ ለቅቀው እንዲወጡ ታዘዙ። መንደራቸው ፈረሰ፣ ሰዎቹ ወደ ማጎሪያ ተወሰዱ። ሰርዲን እየበተኑ ቱናን ወደ ጀልባ የመሳብን ሙያ ለዚህ ጠረፍ ያስተማሩት እነሱ ናቸው። እኛ ዛሬ ከወደቡ አፍ ላይ ቆመን የጀልባውን የማባበያ ጋን በሕይወት ባለ ሰርዲን ሳንሞላ ወደ ውቅያኖስ አንወጣም፤ የሰርዲኑ ዋጋ ኪራዩ ውስጥ አለ። ያንን ሰርዲን በመረብ ሲቀዱት ባየሁ ቁጥር ተርሚናል ደሴትን አስባለሁ፤ ባለውለታ እንዲህ ሊረሳ አይገባም።

የንግድ ማጥመዱ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከዘንግ ወደ ግዙፍ መረብ ተሸጋገረ፤ የናይሎን መረብና መረቡን የሚጎትተው ማሽን ስለመጡ። በ1980ዎቹ ትልልቆቹ የሳን ዲየጎ የቱና ፋብሪካዎች ተዘጉ። ከወደቡ ያልጠፉት መንገደኛ ይዘው የሚወጡት ጀልባዎች ናቸው። ፖይንት ሎማ ላይ ያለው ኤች ኤንድ ኤም ላንዲንግ ከ1935 ጀምሮ ሰው ሲያሳፍር የኖረ ነው። ከጦርነቱ በኋላ እንደ ቢል ፑል ያሉ ካፒቴኖች ደግሞ ወደ ደቡብ ራቁ፤ ማቀዝቀዣ ያላቸው፣ መኝታና ወጥ ቤት ያላቸው ጀልባዎች አሠርተው ሰውን ለሳምንት፣ ለሁለት ሳምንት ወደ ሜክሲኮ ደሴቶች ይዘው ይሄዱ ጀመር። በ1977 ሳን ቤኔዲክቶ ከተባለች ደሴት አጠገብ ከእንዲህ ያለ ጀልባ ላይ 388 ፓውንድ ከ12 አውንስ፣ ማለትም 176 ኪሎ የሚመዝን የሎውፊን ቱና ተያዘ። ክብረ ወሰኑን እስከ 2010 የነካው አልነበረም። ያች ደሴትና ጎረቤቶቿ ከ2017 ወዲህ ማጥመድ የተከለከለበት የሜክሲኮ ብሔራዊ ፓርክ ናቸው፤ ትክክል ተደርጓል እላለሁ።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ዕውቀቱ ነው። ስለ ጥንቃቄው ስናገር ከቡድናችን አንድ ሽማግሌ ሳላነሣ አላልፍም። ጋሼ የምንላቸው እኚህ ሰው በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ በኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ያገለገሉ ናቸው። እኔ ስለ ዋጋ ስከራከር እሳቸው የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «ልጄ፣ ዋጋውን ተወው፤ ሌሊት ማን ነቅቶ ያድራል?»

መስከረም 1 ቀን 1951 በኒው ዮርክ ሞንታክ የሆነውን ስታውቁ ጥያቄያቸው ይገባችኋል። የሠራተኛ ቀን በዓል ሰሞን ነበር። ከከተማው በባቡር የመጣ ሕዝብ ከጣቢያው እየሮጠ ወደ ወደቡ ወርዶ ያገኘው ጀልባ ላይ ይሳፈር ነበር፤ ክፍያው በነፍስ ወከፍ ነውና ካፒቴኑ ብዙ ሰው በጫነ ቁጥር ያተርፋል። ፔሊካን የተባለችው ጀልባ ርዝመቷ 13 ሜትር ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ 64 ሰው ጭና ወጣች። አየሩ ተለወጠ፤ ስትመለስ ከሁለቱ ሞተሮቿ አንዱ እምቢ አለ፤ ሞንታክ ነጥብ አጠገብ ማዕበል መታትና ገለበጣት። 45 ሰው ሞተ፤ ካፒቴኑም አብሮ። ያን ጊዜ ይህን የመሰለች ጀልባ ስንት ሰው መጫን እንዳለባት የሚወስን መርማሪ አልነበረም። ሕጉ የመጣው ከአምስት ዓመት በኋላ በ1956 ነው፤ ከስድስት በላይ ከፋይ መንገደኛ የሚጭን ጀልባ ሁሉ በኮስት ጋርድ፣ በባሕር ጠረፍ ጥበቃው፣ መመርመር አለበት ተባለ። ዛሬ ኪራይ ስትጠይቁ አንዱ ጀልባ «ስድስት ሰው ብቻ» የሚላችሁ፣ ሌላው ደግሞ ሠላሳ ሰው ጭኖ ግድግዳው ላይ የምርመራ ምስክር ወረቀት የሚሰቅለው በዚህ ሕግ የተነሣ ነው። በዋጋቸው መካከል ያለው ልዩነትም ከፊሉ ከዚህ ይመጣል። እኔ በየማለዳው ከጋራዥ ከመውጣቴ በፊት የአውቶቡሱን ፍሬንና በር እፈትሻለሁ፤ ተሳፋሪው አያየኝም፣ አይከፍለኝምም፣ የሚሄደው ግን በዚያ ፍተሻ ነው።

የሌሊቱ ጉዳይ ደግሞ የቅርብ ጊዜ ነው። መስከረም 2 ቀን 2019 ሳንታ ክሩዝ ደሴት አጠገብ መልሕቅ ጥላ ባደረች ኮንሴፕሽን በተባለች የጠላቂዎች ጀልባ ላይ እሳት ተነሣ። ከታች ተኝተው የነበሩ 34 ሰዎች ሁሉም ሞቱ። ከላይ ተኝተው የነበሩት አምስት ሠራተኞች፣ ካፒቴኑን ጨምሮ፣ ውኃ ውስጥ ዘለው ተረፉ። ምርመራው ያገኘው ነገር ቀላል ነው፤ ሕጉ የሚያዘው ተዘዋዋሪ የሌሊት ጠባቂ አልነበረም፤ ሁሉም ተኝቶ ነበር። ካፒቴኑ በ2023 ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባለ። የቱና ጀልባዎችም ልክ እንደዚያች ጀልባ ሰውን ከታች አስተኝተው ሌሊቱን ሙሉ ይጓዛሉ፤ እኛም እንደዚያ ነው የምንተኛው፣ ከነልጆቻችን። ጠባቂ ሆኖ የሚያድር ተጨማሪ ሠራተኛ ደመወዝ ይፈልጋል። ከሁሉ ርካሽ የሆነው ጀልባ ርካሽ የሆነው ምኑን ቀንሶ ነው ብሎ መጠየቅ የእኛ ድርሻ ነው። አንድ ጊዜ በሚያጓጓ ዋጋ የጠራን ባለጀልባ ነበር፤ ጋሼ የካፒቴኑን ፈቃድ እንዲያሳየን ሲጠይቁት «ምን ያደርግላችኋል?» አለ። ቀብዱን ሳንከፍል ተመለስን።

ከዋጋው ውስጥ የዓሣው የራሱ ድርሻም አለ። የፓስፊክ ብሉፊን የሚራባው በጃፓን አካባቢ ባለው ባሕር ነው፤ ከግልገሎቹ ከፊሉ ሰፊውን ውቅያኖስ አቋርጠው ወደ እኛ ጠረፍ ይመጣሉ። ከመጠን በላይ ስለተጠመደ በ2010ዎቹ መጀመሪያ የሚራባው ዓሣ ድሮ ከነበረው ከመቶ ሦስት እጅ እንኳ አይሞላም ነበር። አገሮቹ ተስማምተው የሚያጠምዱትን ቀነሱ፤ እኛም ብንሆን ከ2015 ጀምሮ በቀን ከአሥር ዓሣ ወደ ሁለት ወረድን። በ2024 በወጣው ጥናት ዓሣው ከታሰበው አሥር ዓመት ያህል ቀድሞ እንዳገገመ ታወቀ። ሁለት ዓሣ ብቻ ለምን ብሎ የሚያጉረመርም ሰው ሲያጋጥመኝ ይህን እነግረዋለሁ፤ ከዚያ ሁለቱን ዓሣ በደስታ ተቀብሎ ያወርዳል። አንድ ብሉፊን ለአንድ ቤተሰብ ስንት ጊዜ እንደሚበቃ ያየ ሰው ሦስተኛ አይመኝም። አሞራ ገደል ጥሬውን ዓሣ እንደምንበላው የቱናውንም ሆድ በአዋዜ እንበላዋለን፤ ጃፓኖቹ ቢያዩን ባይስማሙም።

ገንዘቡን በተመለከተ የሚባለው ብዙ አይደለም። ከሌሎች ጋር ተቀላቅሎ ለአንድ ቀን ተኩል የሚወጣ ሰው ጥቂት መቶ ዶላር ይከፍላል፤ ለሁለት ሳምንት ወደ ደቡብ የሚሄድ ሺዎችን። ጀልባውን ለብቻ መከራየት፣ ቻርተር የሚባለው፣ የሚያዋጣው ቦታዎቹን ሁሉ መሙላት ለሚችል ቡድን ነው፤ አንድ ሰው ሲቀር የእሱ ድርሻ በሌሎቹ ላይ ይወድቃል፤ ስለዚህ ከዕቁባችን የወጣ ሰው ምትክ አምጥቶ ይወጣል። የነዳጅ ጭማሪ አለ ወይ ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ማዕበል ከተነሣ ቀብዱ ይመለሳል ወይስ ለሌላ ቀን ይዛወራል የሚለውን በጽሑፍ አስሰጡ። ዕድሜው 16 የሞላ ሁሉ የካሊፎርኒያ የማጥመድ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የሜክሲኮ ውኃ ከተገባ ፓስፖርትና የሜክሲኮ ፈቃድ ይጨመራል። ጉርሻው ከቲኬቱ ከ10 እስከ 20 በመቶ ነው፤ ይህን እንደ ትርፍ ወጪ የሚያይ ሰው ከእኛ ጋር ባይመጣ እመርጣለሁ። ሌሊቱን ነቅቶ ያደረው፣ የተጠላለፈ ክር የፈታው፣ ዓሣውን በስለት ያጸዳው ያ ልጅ የጂም ጋርድነር ተተኪ ነው፤ የዕለት ገቢው ብዙው ከዚያ ጉርሻ ነው።

ዘንድሮ ከፍልሰታ በኋላ ልትወጡ ያሰባችሁ ቀብድ ከመላካችሁ በፊት አንድ ቀን ወደ ወደቡ ውረዱ። ጀልባው ላይ ወጥታችሁ የኮስት ጋርዱ ወረቀት ግድግዳው ላይ መሰቀሉን እዩ፣ ከታች ካለው መኝታ ወደ ላይ የሚያወጣው ሁለተኛው መውጫ የት እንደሆነ በእጃችሁ ከፍታችሁ ሞክሩ፣ ካፒቴኑንም ጋሼ የሚጠይቁትን ጠይቁት። ስም ጠርቶ ካልመለሰላችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ወደ ቀጣዩ ጀልባ ሂዱ።